ወገቡ የተሰበረ ሰው በምን ይሞታል?

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ሻምበል አበበ ቢቂላ ሲያሽከረክራት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው አትሌት ከመኪናዋ ውስጥ የወጣው ሌሊቱ ካለፈ በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት ነው። ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ሲደርስ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ አይታዘዝለትም ነበር። ከሳምንት በኋላ እንግሊዝ ሀገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ፤ ስምንት ወር ያህልም እዚያ ቆየ።

ይህ ታሪክ በተነሳ ቁጥር የሚተረከው ንግሥት ኤልሣቤጥ አልጋው ድረስ ሄደው መጠየቃቸው፣ ከዓለም ዙሪያ የመልካም ምኞት ካርድ መጉረፉ ነው። በእነዚያ ስምንት ወራት እዚያ አልጋ ላይ ምን እንደተደረገለት ግን ብዙም አይወራም። ሲገባ ጭንቅላቱን እንኳን ማንቀሳቀስ ያቃተው ሰው ሲወጣ እጆቹ ተመልሰውለት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ከዚያም ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት አረፈ።

የተጎዳ ህብለ ሰረሰርን መልሶ የሚጠግን ሕክምና ያኔ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። የአበበ እጆች የተመለሱት አካሉ በራሱ ጊዜ የመለሰለትን ያህል ነው። ያ ጊዜ እስኪደርስ በሕይወት ያቆየው፣ ቆዳው እንዳይበሰብስ፣ ኩላሊቱ እንዳይበከል፣ ሳንባው በአክታ እንዳይዘጋ የጠበቀው ግን የነርሶች ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሥራ ከሕክምናው ዝርዝር ግርጌ ላይ ተቀምጧል። ቦታው ግን አናቱ ላይ ነው።

*

ስቶክ ማንደቪል የአከርካሪ ጉዳት ማዕከሉን የከፈተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ ነው። ማዕከሉን የመሩት ከናዚዎች ሸሽተው እንግሊዝ የገቡት ጀርመናዊ አይሁድ የነርቭ ሐኪም ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ነበሩ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ወታደር ከሞቱት ተርታ ይቆጠር ነበር። ከጥንታዊት ግብፅ የተረፈውና ዛሬ ኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የሚባለው የሕክምና ጽሑፍ ሳይቀር አንገቱ ተሰብሮ እጅና እግሩ የማይሰማውን ሰው "አይታከምም" ከሚባሉት ጋር ነው የመደበው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንዲህ የቆሰሉ ወታደሮች አብዛኞቹ ብዙ ሳይቆዩ ሞተዋል። የገደላቸው ጥይቱ አልነበረም። በመተኛት ብዛት የወጣ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር።

ጉትማን አዲስ መድኃኒት አላገኙም፤ አዲስ ቀዶ ሕክምናም አልፈጠሩም። ፔኒሲሊን በዚያው ሰሞን መድረሱ በእርግጥ ረድቷቸዋል። ዋናው ነገር ግን ያወጡት ደንብ ነው። እያንዳንዱ ታማሚ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል። ሌሊት ራሳቸው ወደ ክፍሉ እየሄዱ ደንቡ መከበሩን ያዩ ነበር። ሽንት በንጹሕ መንገድ እንዲወጣ፣ ሰውየው እንደቻለ ከአልጋ እንዲነሳ፣ ሥራና ስፖርት እንዲጀምር አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 የቀድሞ ወታደሮችን በሆስፒታሉ ግቢ በቀስት አወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ የበቀለ ነው። አበበ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን፣ በዚያችው ከተማ፣ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው ውድድር ተከፍቶ ነበር። አበበ ይህን ያስተዋለው ይመስል አይመስል አይታወቅም፤ ብቻ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ራሱ የዚያ ቤት እንግዳ ሆነ።

"መገላበጥ" የሚለው ቃል ሲሰማ ተራ ይመስላል። ስሙ ከባድ የሆነ መርፌ ወይም ማሽን ቢሆን ኖሮ ዛሬ በየሆስፒታሉ ይፈለግ ነበር።

*

ዛሬስ? አንድ የቀን ሠራተኛ ሕንፃ ላይ ከታሰረ የባህር ዛፍ መወጣጫ ወደቀ እንበል። ወይም የሚኒባስ ተሳፋሪ ነው፤ ወይም ማንጎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ የወጣ ልጅ ነው፤ ወይም በሰሜኑ ጦርነትና እሱን ተከትለው በመጡ ግጭቶች ጥይት ጀርባው ላይ የቀረ ወጣት ነው።

መጀመሪያ ሰው ይሰበሰባል። አንዱ ብብቱን፣ ሌላው እግሩን ይዞ ያነሳዋል፤ ወገቡ መሃል ላይ ይታጠፋል። "ውሃ ስጡት" የሚል አይጠፋም። ላዳ ታክሲ ኋላ ወንበር ላይ አጣጥፈው ያስገቡትና ይከንፋሉ። ሁሉም ከልብ የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን አጥንቱ ተሰብሮ ህብለ ሰረሰሩ የተረፈለትን ሰው ሽባ ሊያደርገው የሚችለው ይህች ቅጽበት ናት። እንዲህ የወደቀ ሰው ካልተቃጠለ ወይም ሌላ አደጋ ካላንዣበበበት በስተቀር ባለበት ይቆያል። መነሳቱ ግድ ከሆነም ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ግንዱ በአንድ መስመር ሳይጣመሙ፣ እንደ ግንዲላ በአንድ ላይ ተንከባሎ፣ ሳንቃ ወይም የተነቀለ በር ላይ ይጋደማል። ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት ለተሰበረ አከርካሪ አይሆንም፤ ይህን አጥብቆ መናገር ያስፈልጋል።

ከዚያ ሆስፒታል ይደርሳል። ዕድል ከቀናው በጊዜው ኤም.አር.አይ ይነሳል፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለትም ብረት ይገባለታል። ይህን ማቃለል ስህተት ነው። የማይረጋ ስብራት መታሰር አለበት፤ ህብለ ሰረሰሩን የተጫነ አጥንት ቶሎ ቢነሳ የሚተርፍ ነገር ይኖራል። የኢትዮጵያ የአእምሮና የህብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞች ቁጥር ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት በፊት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ዛሬ በሀገር ውስጥ ሠልጥነው የሚወጡ አሉ። ትልቅ ነገር ነው።

ሐኪሙ ወጥቶ "ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል" ይላል። ቤተሰቡ እንባውን እየጠረገ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጁን ሊገድል የሚችለው ነገር ግን ስብራቱ አይደለም። በዚያው ማታ ከመቀመጫው በላይ ባለው አጥንት ላይ ያለው ቆዳ በገዛ ሰውነቱ ክብደት እየተጨፈለቀ ነው። ደም እየደረሰው አይደለም። ጤነኛ ሰው ቢሆን ሕመሙ ቀስቅሶት እንቅልፍ ላይ እያለ እንኳን ጎኑን ይለውጣል። ይህ ልጅ አይሰማውም፣ ቢሰማውም መዞር አይችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከህብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር የሚኖሩ ሰዎች ከ15 ሚሊዮን በላይ ናቸው ይላል። ያለጊዜያቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ ነው። በደሃ ሀገራት የሚገድላቸው አሁንም መከላከል የሚቻለው ነው፤ የመኝታ ቁስል፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ችግር። በሀብታሞቹ ሀገራት ይህ የሞት ምክንያት ወደ ኋላ የተገፋው ማንም ህብለ ሰረሰርን መጠገን ስለቻለ አይደለም።

*

የጤና ባለሙያዎች "ቤድሶር" የሚሉት ቁስል ከውጭ ትንሽ፣ ከውስጥ ሰፊ ነው። ቆዳው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ ስትታይ ከስሯ ያለው ሥጋ እስከ አጥንት ሊሞት ይችላል። ለመከላከል ቀናት የማይፈጅ እንክብካቤ የሚበቃውን ቁስል ለማዳን ወራት ያስፈልጋል፤ አንዳንዴም የቆዳ ንቅለ ተከላ። በዚህ መሃል ሰውነቱ ፕሮቲን ያንጠፈጥፋል፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ይገባል።

እዚህ ላይ ትምህርት ቤት በቅጡ የማይነገር አንድ ነገር አለ። የነርሲንግ መጻሕፍት የቁስሉን መጀመሪያ "ቀይ ሆኖ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቆዳ" ብለው ይገልጹታል፤ ሥዕላቸውም የነጭ ሰው ቆዳ ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ያ ቅላት ላይታይ ይችላል። የሚታየው ከአካባቢው የጠቆረ ወይም ወደ ወይን ጠጅነት የሚያደላ ቦታ ነው። እሱም ካልታየ የእጅን ጀርባ አስጠግቶ ሙቀቱን መፈተሽ፣ ጠጠር ወይም እንደ ሊጥ የለሰለሰ መሆኑን መዳሰስ ያስፈልጋል። ቅላት ብቻ የሚጠብቅ ዓይን ጎንደር ወይም ሀዋሳ ላይ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ያልፈዋል።

ሌላም አለ። የቀዶ ሕክምና ጓንት በውሃ ሞልቶ ከተረከዝ ስር ማስቀመጥ በየቦታው የሚታይ ዘዴ ነው። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ይህን አይመክሩም፤ መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስንም እንዲሁ። ጫናውን ያዛውሩታል እንጂ አያነሱትም። ተረከዝ የሚተርፈው ትራስ ከባት ስር ገብቶ ተረከዙ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ነው። በጎን ሲተኛም ሙሉ በሙሉ በዳሌ አጥንት ላይ አይደለም፤ ጀርባውን ትራስ አስደግፎ ትንሽ ጋደል ማለት ነው። አንሶላው ጨማዳዳ እንዳይኖረው፣ የዳቦ ፍርፋሪ እንዳይቀርበት፣ ሲነሳም እንዳይጎተት። ከባድ እውቀት አይደለም። የሚከብደው በቀን 12 ጊዜ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይም ጭምር ማድረጉ ነው።

የማይሰማ ቆዳ ጠላቱ ብዙ ነው። ብርድ ነው ተብሎ እግሩ ስር የሚቀመጥ የፈላ ውሃ ጠርሙስ፣ አጠገቡ የሚነድ የከሰል ማንደጃ፣ ጭኑ ላይ የሚቀመጥ የቡና ረከቦት ወይም ትኩስ ሰሃን። ሰውየው ሳያውቀው ይቃጠላል። ጠበል የሚሄድ ሰውም ቢሆን ስፖንጁን ይዞ ቢሄድ፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚያዞረው ሰው አብሮት ቢኖር፣ ከእምነቱ የሚቀንስበት ነገር የለም። በሲሚንቶ ወለል ላይ በሰሌን ተኝቶ ሱባኤ የጨረሰ ሽባ ሰው ምን ቁስል ይዞ እንደሚመለስ ነርሶች ያውቁታል።

*

ሁለተኛው ጉዳይ ሽንት ነው። ይህ ደግሞ ከቆዳው ይልቅ ዝም የሚባልበት ነው።

ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ፊኛው መቼ እንደሞላ አይነግረውም፤ ቢሞላም በትክክል አይፈስም። ሞልቶ የቀረ ሽንት ወደ ኩላሊት ይገፋል። ለዚህ በአብዛኛው የሚደረገው የሽንት ቱቦ ማስገባትና ከረጢት ማንጠልጠል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ተገቢ ነው። ችግሩ ያ ቱቦ ለወራት እዚያው ሲቀር ነው። ወለል ላይ የተጣለ ከረጢት፣ ከፊኛው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ከረጢት፣ ሰውየው የተኛበት የታጠፈ ቱቦ፤ ሁሉም የኢንፌክሽን በር ነው።

የተሻለው መንገድ ከ50 ዓመት በላይ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1972 ጃክ ላፒደስ የተባሉ አሜሪካዊ የሽንት ቧንቧ ሐኪም በንጹሕ እጅ፣ በየአራትና በየስድስት ሰዓቱ ቱቦ አስገብቶ ፊኛን ባዶ አድርጎ ወዲያው ማውጣት ቱቦን አስቀምጦ ከመተው እንደሚሻል አሳዩ። ስቴራይል ጓንትና የቀዶ ሕክምና ክፍል አይፈልግም፤ በሳሙና የታጠበ እጅ ነው። እጁ የሚሠራ ሰው ራሱ ይማረዋል። ነርስ አጠገቡ ቆማ ሦስት አራት ቀን ብታሠራው የሚችለው ነገር ነው።

ለምን አይለመድም? አንዱ ምክንያት ቱቦው ነው፤ በወር ብዙ ይፈጃል፤ ለአንድ ቀን ሠራተኛ ቤተሰብ ወጪው ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ነውር ነው። የ24 ዓመት ወንድሙን እህቱ እንዴት አድርጋ? ልጅ እናቱን እንዴት? ወጣቷ ነርስ ወንዱን ታማሚ እንዴት አድርጋ ታስተምረው? ታማሚውም አይጠይቅም፤ ነርሷም አታነሳም። በዚህ ዝምታ መሃል ቱቦው ይቆያል። ሰገራን በተመለከተም እንዲሁ ነው። በየቀኑ በአንድ የታወቀ ሰዓት፣ ከቁርስና ከትኩስ ሻይ በኋላ አንጀት በተፈጥሮው ሲነቃቃ ማስወጣትን መልመድ ሰውን ከዳይፐር ያወጣዋል። ከቤት መውጣት፣ ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ፣ ሥራ መፈለግ የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው። ስለ ትዳርና ስለ ልጅ መውለድ ደግሞ ማን ያነሳዋል? ህብለ ሰረሰሯ የተጎዳ ሴት ማርገዝና መውለድ እንደምትችል የነገራት ሰው ሳይኖር ከሆስፒታል የወጣች ስንት ትሆን?

ነውሩን መስበር የሚችለው ሙያተኛ ነው። ነርስ ፊቷን ሳታኮሳትር፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ልክ ስለ ደም ግፊት እንደምትናገር ስለ ፊኛ ስትናገር እናትየዋም ትለምደዋለች።

ደም ግፊት ከተነሳ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ጉዳቱ ከደረት አጋማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ድንገት ራሱን የሚፈልጥ ሕመም ከያዘው፣ ፊቱ ከቀላና ላብ ካጠመቀው ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ እየወጣ ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ሰዎች መደበኛ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ለሌላው ጤነኛ የሚባለው 130 ወይም 140 ለእነሱ የአደጋ ደወል ነው። መጀመሪያ የሚደረገው ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቀበቶና ጠባብ ልብስ ማላላት፣ ከዚያ የሽንት ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ ማየት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የታጠፈ ቱቦ ነው። ካልሆነ የደረቀ ሰገራ። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ ያስተኛዋል፤ ማስተኛት ደግሞ ግፊቱን ያብሰዋል። ጭንቅላት ውስጥ ደም እስከመፍሰስ ሊያደርስ ይችላል።

*

"ቅድሚያ" ሲባል ለሁሉም አንድ ዝርዝር ማለት አይደለም። ጊላን ባሬ የሚባለው የነርቭ ሕመም ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ በቀናት ውስጥ ሰውን ያደክማል። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ቆዳ ሳይሆን ትንፋሽ ነው፤ ከአራት ታማሚ አንዱ ገደማ የመተንፈሻ ማሽን ያስፈልገዋል። ማታ ተረኛዋ ነርስ ምንም መሣሪያ ባይኖራት "በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት ትቆጥራለህ?" ብላ በየጥቂት ሰዓቱ መጠየቅ ትችላለች። ትናንት 30 የደረሰ ሰው ዛሬ ማታ 15 ላይ ከቆመ ሐኪም ይጠራል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ይህን ካለፈ አብዛኛው ሰው ተመልሶ ይራመዳል።

የአከርካሪ ቲቢ ደግሞ ለወራት በጀርባ ሕመም ብቻ ይቆይና እግርን ያሰንፋል። መድኃኒቱ አለ፤ በነጻም ይሰጣል። መድኃኒቱ እስኪሠራ ባሉት ወራት ግን ያው የቆዳና የፊኛ ጥበቃ ያስፈልጋል፤ ቲቢው ድኖ በቁስል መሞት አለና።

ጓያን የሚያውቅ የጎንደርና የወሎ ሰው ብዙ ነው። በድርቅ ጊዜ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል፤ ለረጅም ጊዜ እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይገትራል፣ በዱላ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ይድሃል። በደምቢያና በደላንታ ወጣቶችን በብዛት ያሽመደመደባቸው ዓመታት ነበሩ። ይህ ሰው ቆዳው ይሰማዋል፣ ሽንቱም በአብዛኛው ይታዘዝለታል። ለእሱ ማገላበጥ ምን ያደርግለታል? የሚያስፈልገው ጅማቱ እንዳያጥር መሳሳብ፣ ጥሩ ክራንች፣ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ነው። ነርስ መመዘን ያለባት ይህን ልዩነት ነው።

*

"ነርስ የት አለና?" የሚለው መልስ እውነት ነው። ሒሳቡ ቢሠራ የበለጠ እውነት ይሆናል። አንድ ክፍል ውስጥ መዞር የማይችሉ ስምንት ሕሙማን ቢኖሩ በቀን 96 ጊዜ ማገላበጥ ነው። አንዱ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ስምንት ሰዓት ሙሉ ነው፤ ሁለት ሰው ስለሚፈልግ 16 የሰው ሰዓት ይሆናል። መርፌ፣ መድኃኒት፣ ቁስል፣ አዲስ ገቢ፣ ጽሑፍ ሳይቆጠር። ሌሊት አንዲት ነርስ ብቻዋን ለተመደበችበት ክፍል ይህን ማዘዝ ፌዝ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ሲነሱ ብዙ ሰው ጉዳዩን የሐኪም ጉዳይ አድርጎ ነበር የተከታተለው። ኑሮ ከብዷት ሁለት ቦታ ተረኛ የምትሆን ነርስ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ምን ያህል አቅም ይቀራታል የሚለው ጥያቄ የሕሙማን ደህንነት ጥያቄ ነው።

ሆኖም እጥረቱ ሁሉንም አይሸፍንም። መድኃኒት ሲሰጥ ሰዓቱ ተጽፎ ይፈረምበታል፤ ካልተፈረመ ተጠያቂ አለ። ማገላበጥ በብዙ ቦታ አይጻፍም፤ ስለማይጻፍ አይጠየቅም። አልጋው እግር ላይ የሚንጠለጠል 12 መስመር ያለው አንድ ወረቀት ውድ ነገር አይደለም። የሚሞላው ነርስ ብቻ መሆን የለበትም፤ ለዚሁ የሠለጠነና ደመወዝ የሚከፈለው ረዳት ሊሆን ይችላል። ሆስፒታሎች ስንት ቀዶ ሕክምና እንደሠሩ በሪፖርታቸው ይኩራራሉ። ከተኙት ውስጥ ስንቱ ሲገባ ያልነበረ ቁስል ይዞ ወጣ የሚለው ቁጥር ከጎኑ ቢሰፍር፣ እውነተኛው የአልጋ ላይ ሥራ ወዲያው ይታያል። ጤና ሚኒስቴር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህን ቁጥር ነው።

ለጊዜው የማታዋ ነርስ ማን ናት? አስታማሚዋ ናት። እናት፣ እህት፣ ሚስት። ከአልጋው ስር ካርቶን አንጥፋ፣ ጋቢ ደርባ የምታድረው ሴት። ጉሊቷን ዘግታ ወይም ከሰው ቤት ሥራዋ ቀርታ የመጣች። ምግብ ታጎርሳለች፣ ሽንት ትደፋለች፣ መድኃኒት ውጭ ገዝታ ትመጣለች፣ "አስታማሚ ውጪ" ሲባልም ትወጣለች። ሆስፒታሉ በእሷ ጉልበት ይሠራል፤ ግን አንድ ቀን አስቀምጦ አያስተምራትም። ከዚያ የመውጫው ቀን ይመጣል። ወረቀት ይሰጣታል፤ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። የቀጠሮ ቀንና የክኒን ስም አለበት። "አልጋ ላይ እንዳይቆይ፣ ንጽሕናውን ጠብቂ" ትባላለች። ቤቱ ጭቃ ነው፣ መኝታው መደብ ነው፣ የውሃ ቧንቧ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው።

ደንቡ ቀላል ሊሆን ይችላል። አስታማሚዋ በነርስ ፊት ራሷ ስታገላብጥ፣ ራሷ ቱቦ ስታስገባ፣ ራሷ ቆዳ ስትፈትሽ ሳትታይ ታማሚው አይወጣም። መንገር አይበቃም፤ ማሠራት ነው። አብራት የምትፈራረቅ ሁለተኛ ሰውም መማር አለባት፣ አለበለዚያ በስድስተኛው ወር አስታማሚዋ ራሷ ወገቧን ይዛ ትተኛለች። በየቀበሌው ደግሞ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ለእናቶችና ለሕፃናት ቤት ለቤት የሚሄዱት እነዚሁ ሴቶች በወር አንዴ የአንድን ሽባ ሰው ጀርባ ገልጠው ቢያዩ አዲስ መዋቅር አይጠይቅም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ እውነት መናገር። "አይዞህ፣ ቀስ በቀስ ትነሳለህ" ሁሉም የሚለው ነው። ሐኪሙ ለቤተሰቡ በጆሮ ይነግራል፤ ቤተሰቡ ከታማሚው ይደብቃል፤ ታማሚው ዓይናቸውን አይቶ ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ መራመድን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ተሽከርካሪ ወንበር አይለምድም፣ ሙያ አይማርም፣ በመጨረሻም ይሰበራል። አበበ እግሩን እየጠበቀ አልተቀመጠም፤ ቀስት ያዘ።

*

በዚህ መድረክም ሆነ በሌሎቹ በየሳምንቱ አንድ የድጋፍ ጥሪ ይዞራል። አልጋ ላይ የተኛ ወጣት ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ "ለወገን ደራሽ ወገን ነው"። ታይላንድ ወይም ህንድ ሄዶ እንዲታከም የሚባል ብዙ መቶ ሺህ ብር። ሰው ይሰጣል፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ጥሪውን የሚያዘጋጁ ሰዎች ግን ከቲኬቱ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቁ ይጠቅማል። እዚያ የሚሰጠው ሕክምና እዚህ ከተሰጠው ምን የተለየ ነው? ሲመለስስ ማን ያገላብጠዋል? ህብለ ሰረሰርን "ያድሳል" እየተባለ በውድ የሚሸጥ መርፌ በየሀገሩ አለ፤ እግርን እንደሚመልስ ግን አልተረጋገጠም።

ከዚያ ገንዘብ ትንሹ ክፍል ለአንድ ቤት ብዙ ይሠራል። ወፍራም ጥሩ ስፖንጅ ፍራሽ፣ አራት ትራስ፣ መቀመጫ ኩሽን፣ የስድስት ወር የሽንት ቱቦ፣ ሳሙና፣ ለአስታማሚዋ የሚከፈል ትንሽ ደመወዝ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥም በየ15 እና በየ30 ደቂቃው በእጁ ተደግፎ መቀመጫውን ከፍ እንዲያደርግ የሚያስታውሰው ስልክ አብዛኛው ሰው ኪስ ውስጥ አለ።

ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹ የእጅ መስታወት ነው። እጁ የሚሠራ ታማሚ ማታ ከመተኛቱ በፊት ጀርባውን፣ መቀመጫውንና ተረከዙን ራሱ የሚያይበት።